ባትሪው ታሞ ፒኒየን ቀይር ይሉኛል

ደሜ ሳይበርድ ልጻፈው። በሪሞት የማበርራት ትንሿ ሄሊኮፕተሬ ባትሪ ላይ በትልቁ «50 ሲ» ብለው ለጥፈዋል፤ በአምፔር ሰዓት ያለውን አቅም 50 እጥፍ አምፔር ይሰጣል ማለታቸው ነው። 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ነው፤ በጽሑፉ ከሄድን 110 አምፔር መስጠት አለበት። የኔዋ ባለ 450 መጠን ሄሊኮፕተር ብትጨነቅ ብትጨነቅ 40 ብትጠይቅ ነው። እሱንም አልቻለም! ኮሌክቲቭ (የክንፎቹን ማዘንበል) ገና ጨመር ሳደርግ ሮተሩ፣ ከላይ የሚሽከረከረው፣ ያቃስታል። ሳሳርፋት ባትሪው ያባብጣል፣ በእጅ አይያዝም።

ቤት ገብቼ የውስጥ ሬዚስታንሱን በቻርጀሩ ለካሁት። እያንዳንዱ ሴል 15 ሚሊ ኦም! ሦስቱ ሲደመሩ 45። በ40 አምፔር 1.8 ቮልት እዚያው ባትሪው ውስጥ ቀረ ማለት ነው፤ 72 ዋት ሙቀት። 3500 ኬቪ ሞተር (በአንድ ቮልት በደቂቃ 3500 ዙር)፣ ባለ 13 ጥርስ ፒኒየን (ሞተሩ ላይ ያለው ትንሹ ጊር)፣ ሮተሩን የሚያዞረው ዋናው ጊር 150 ጥርስ፤ አስሉት። ሮተሩ በደቂቃ ከ500 ዙር በላይ ያጣል። ዙሩን እኩል የሚጠብቀው ጋቨርነር የሌለ ቮልቴጅ ከየት ያምጣ?

ይሄን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ባትሪውን የገዛሁበት ሱቅ ወሰድኩ። ሻጩ ልጅ ወረቀቱን አላየውም። አላየውም እኮ ነው የምላችሁ!

«ፒኒየኑን ባለ 14 ያድርጉት፣ ፍጥነቱ ይመለሳል።»

«ጥርስ ከጨመርኩ ሞተሩ የሚስበው አምፔር ይጨምራል። ባትሪው ደግሞ አሁን ያለውንም አልቻለም።»

ፈገግ አለ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጌታዬ፣ ለጀማሪ የሚሆኑ ትንንሾች አሉን፣ እዚያ ጥግ ናቸው» አለኝ። በጣቱ እያሳየ! ከኋላ አንዱ ሳቀ። ገንዘቤን መልሱ ስል ደግሞ «የተከፈተ ሊፖ አይመለስም»። ሳልከፍተው በምን ልለካው? በጸሎት?

የሚያናድደኝ ይሄ «ሲ» የሚሉት ነገር ነው። አምራቹን የሚያስገድድ የጋራ መለኪያ የለም። አንዱ 50 ይላል፣ ሌላው ያንኑ የመሰለ ባትሪ 100 ብሎ ይሸጣል። የውስጥ ሬዚስታንሱን በሚሊ ኦም፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደተለካ ጨምራችሁ ጻፉልን! ምን ይከብዳል?

ለነገሩ የት ሄጄ ልናገር። ዘመድ ቤት ቡና ላይ ስለ ባትሪ ካነሳሁ እትዬ፣ «ልጄ፣ አሁንም አሻንጉሊቱን አልተውክም?» ይሉኛል። እሳቸውስ ይበሉ፣ እናቴ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ግን ኢንጂነር ነው! እሱም አብሮ ይስቃል። የኦም ሕግ አሻንጉሊት ላይ አይሠራም ያለው ማነው?

መብረሪያውም ሌላ ጣጣ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲው ሬገን አየር ማረፊያ 15 ማይል ዙሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፤ እኛ እዚያው ክልል ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለን ሰዎች ለጥቂት ደቂቃ በረራ ያን ሁሉ መንገድ እንነዳለን። ደርሰህ ባትሪው በሁለተኛው ደቂቃ ሲሞት እንዴት ያቃጥላል!

ደከመኝ። ባለ 12 ጥርስ ፒኒየን አዝዣለሁ። ዙሩ ይቀንሳል፣ ባትሪው ግን ትንሽ ይተነፍሳል። እዚያ ሱቅ ግን ብሎን እንኳ አልገዛም።