ጥቀርሻውን የሚሰብር ድንጋይ

ፒያሳ ጓሮ ባለ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ የቡና ገለፈትን ወደ ጋዝ የሚለውጥ አነስተኛ ምድጃ ሲሞከር ተገኝቼ ነበር። ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ከሠራ በኋላ ቆመ፤ ቧንቧው ሲፈታም በውስጡ የተለጠፈው ጥቁርና የሚያጣብቅ ነገር፣ በእንጨት እንጀራ ሲጋገርበት ከኖረ ማድ ቤት ጣሪያ ላይ ከሚንጠለጠለው ጥቀርሻ አይለይም ነበር። ከታዳሚው ብዙው «ይህ ለእኛ አገር አይሆንም» ብሎ ተበተነ። በእኔ እምነት ግን የጎደለው ጋዙን የማጽዳት ሥራ ብቻ ነው።

ገለፈትም ሆነ ሰጋቱራ አየር ባነሰበት ሙቀት ሲፈርስ፣ ከሃይድሮጅንና ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ከባድ የካርቦን ውህዶች በትነት መልክ ይወጣሉ፤ ሲቀዘቅዙም ወደ ሬንጅ ይለወጣሉ። ሞተር የሚታገሠው በአንድ ሜትር ኩብ ጋዝ ውስጥ ወደ 100 ሚሊግራም የሚሆን ሬንጅ ነው፤ አየር ከታች ገብቶ ጋዙ ከላይ የሚወጣበት ምድጃ ግን 100 ግራም ያህል፣ ማለትም ሺህ እጥፉን ሊያወጣ ይችላል። ጋዙን በውኃ ማጠብ ይቻላል፤ ሆኖም ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ፌኖል በተባለ መርዛማ ኬሚካል የተበከለ ውኃ ማጠራቀም መፍትሔ አይመስለኝም።

ሬንጁን በሙቀት ላይ እያለ ለመሰባበር ከውጭ የሚገዛው የኒኬል ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ድኝ ይመርዘዋል፣ ካርቦን ይሸፍነዋል፣ ዋጋውም በዶላር ነው። ዶሎማይት ግን የካልሲየምና የማግኒዝየም ካርቦኔት ድንጋይ ሲሆን፣ ከ800 እስከ 900 ዲግሪ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወጥቶ የሚቀረው ኦክሳይድ ከውኃ ትነት ጋር ሆኖ ሬንጁን ወደሚነድ ጋዝ ይለውጠዋል። ድክመቱ ልልነቱ ነው፤ እየተፋተገ ይደቃል፣ ሙቀቱ ሲወርድም ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መልሶ ስለሚይዝ ይደክማል። ኦሊቪን የተባለው ማዕድን ሬንጅ በመስበር ብርታት ከእርሱ ቢያንስም ጠንካራ ነው፤ በኦስትሪያ ጉሲንግ በእንጨት ይሠራ የነበረው የኃይል ማመንጫ የምድጃ አሸዋው ኦሊቪን ነበር።

እኛስ? ሙገር የኖራ ድንጋይ ለሲሚንቶ ሲቃጠል ኖሯል፤ የተቃጠለ ኖራም ከዶሎማይት ቢያንስም ሬንጅ ይሰብራል። በምዕራብ ወለጋ ዩብዶ የሚታወቀው በፕላቲኑሙ ቢሆንም፣ ፕላቲኑሙን የያዘው ዱናይት የተባለው አለት በመሠረቱ ኦሊቪን ነው። እርግጥ ብዙው ክፍል በዘመናት ብዛት ተለውጧል፤ ከለውጡ የተገኘው አንዱ አለት እንዲያውም በዓለም የጂኦሎጂ መዝገብ በብርብር ወንዛችን ስም ቢርቢራይት ይባላል። ስለዚህ ያልተለወጠውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ይህም የጂኦሎጂ ባለሙያ ሥራ ነው።

አራት ኪሎ ያሉት የኬሚስትሪና የጂኦሎጂ ሰዎች ከአምስት ኪሎ መሐንዲሶች የሚለያዩት በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። የኒኬል ግዥ ከመታሰቡ በፊት ከሁለቱም ቦታ ጥቂት ኩንታል ድንጋይ አምጥቶ፣ አቃጥሎና ፈጭቶ፣ በዚያው በገለፈት ጋዝ መሞከር ይቻላል፤ ከሙከራው በኋላም ያንኑ ቧንቧ ፈትቶ ማየት ነው።