ካርቡራቶሩ ነው!

ሐምሌ ነው፣ ጠዋት ነው፣ ካፊያ አለ። ቮልሴ አፍንጮ በር ዳገት ላይ ሁለቴ ተናነቀችና ቀጥ አለች።

ገና ከመኪናው ሳልወርድ አምስት ሰው ከቦኛል። ከየት እንደመጡ እንጃ። አንደኛው ታክሲ ሊይዝ ተሰልፎ የነበረ ነው፤ ተራውን ጥሎ መጣ። ጃኬቱን አውልቆ አጠገቡ ለቆመው ሰው አስያዘና "ኮፈኑን ክፈተው" አለኝ። ከፈትኩለት። ሊረዳ የመጣን ሰው አይከራከሩትም። ውስጡ ትርፍ ጎማና ባለቤቴ ያስገዛችኝ አምስት ኪሎ ሽንኩርት አለ። ሽንኩርቱን ትኩር ብሎ አየው።

"ሞተሩን አውርደውብሃል" አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው አልኩት። ምንም አልመሰለውም። ዞሮ የኋላውን ከፈተ፣ ጎንበስ አለ፣ አሸተተ። ቀና ብሎ "ካርቡራቶሩ ነው" ሲል የቀሩት አራቱ እኩል ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ያለ ስምምነት በዕድር ስብሰባ ላይ አይቼ አላውቅም።

መኪናዋ የአጎቴ ውርስ ናት። እ.ኤ.አ. የ1967 ሥሪት፣ ሞተሯ 1300፣ ቤንዚኑንና አየሩን የምትቀላቅልላት ካርቡራቶሯ ሶሌክስ 30። እስከዚያ ቀን ድረስ 30 ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዕድሜዋ ይመስለኝ ነበር።

ማታ ወሬው ሰፈር ደርሷል። ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ አጥር ላይ ተደግፈው ጠበቁኝ። ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሹም ናቸው። መኪና ኖሯቸው አያውቅም፤ መንጃ ፈቃድም የላቸውም። አስተያየት ግን አላቸው።

"ስማ ልጄ፣ ያቺን ሚጢጢ ነገር ጣልና ትልቅ ግጠምላት። ሰውም እኮ ጉሮሮው ሲሰፋ ነው ደህና የሚተነፍሰው።"

እኛ ሰፈር "ትልቅ" ከተባለ ክርክር የለም። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ 65 ኢንች ቴሌቪዥን የሰቀለ ጎረቤት አለን። ዜና የሚያየው ውጪ ቆሞ በበሩ በኩል ነው። ዝናብ ከጣለ ዜና የለም። እና እኔም አመንኩ።

ቅዳሜ ሱማሌ ተራ ወረድኩ። መኪና ተበትኖ የሚሸጥበት ሠፈር ነው፤ ለገጠመኝ ደላላ የሞተሩን መጠን ከመናገሬ በፊት ዕቃው እጄ ላይ ነበር።

"34 ነው አለቃ። ኦርጅናል። የጀርመን።"

ገልብጬ አየሁት። ብራዚል ይላል።

"ጀርመኖቹ እኮ እዚያ ነው የሚኖሩት" አለኝ።

ገዛሁት። እቤት ሳደርሰው እግሩ አልገጥም አለ። የ34ቱ የብሎን ቀዳዳዎች ከ30ው ሰፋ ብለው ነው የተቀመጡት። ተመልሼ ሄድኩ። ደላላው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሳቀ። "ማገናኛው ለብቻ ነው፣ አለቃ።" ማገናኛውንም ገዛሁ። የሰፈራችን ጎረምሳ መካኒክ ገጠመልኝ። ጋሽ ደምሴ ቆመው አስገጠሙ ማለት ይሻላል።

እውነቱን ለመናገር መኪናዋ አማረባት። ከቆመች ማለቴ ነው።

ሰኞ ጠዋት ያንኑ ዳገት ያዝኩ። ነዳጅ መስጫውን ረገጥኩ። ዝም። መጀመሪያ ታስባለች፤ እንደ ቢሮ ፀሐፊ ፋይሉን ትፈልጋለች። ከዚያ ታስነጥሳለች። ከዚያ ትዘላለች። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ለቀቀው፤ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ስለ እናቴ አንዳንድ ነገር ተናገረ። ሳምንት የምታዘልቀኝ ቤንዚን ሐሙስ ላይ ማለቅ ጀመረች። ባለቤቴ ጋቢዬን ውጪ አሰጣችው፤ "ማደያ የምትሠራ ነው የምትመስለው" አለችኝ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰውን ካንዴላ ባስፈታው የጀበና ቂጥ መስሏል።

አዛዡ ደግሞ በዛ። በቆምኩበት ሁሉ አንድ ሰው የሚኒሞዋን ብሎን፣ መኪናዋ ቆማ ሞተሯ የሚዞርበትን ፍጥነት የምትወስነዋን፣ ያዞርልኛል። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። ካቻቢቴ ያልያዘ በሳንቲም አዞራት። አንድ ቄስ ሳይቀሩ መክረውኛል፤ እሳቸው ግን ቢያንስ በጸበል ጀመሩ።

በመጨረሻ ሰዎች ወደ ሽማግሌው መካኒክ ወደ ባሻ ወሰዱኝ። ባሻ ሥራ የለመዱት በክቡር ዘበኛ ጋራዥ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጣታቸው ግን ያያል። 34ቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ሻያቸውን ፉት አሉ።

"ማነው ይሄን ያዘዘልህ?"

"ጎረቤቴ ናቸው፣ ባሻ።"

"መካኒክ ነው?"

"የሒሳብ ሹም ነበሩ።"

"እንግዲያው እናስላ" አሉና ጠመኔ አነሱ። የጋራዡን በር ጥቁር ሰሌዳ አደረጉት።

ባለአራት ምት ሞተር ሆዱን በአየር የሚሞላው በሁለት ዙር አንዴ ነው። የእኔዋ ሆድ 1.3 ሊትር ነው። በደቂቃ 4000 ዙር ብትዞር፣ ሁለት ሺህ ጊዜ ሞላች ማለት ነው። 2600 ሊትር። ባለ 200 ሊትር በርሜል ሲሆን 13 በርሜል፤ እሱም ቢበዛ፣ ነዳጅ መስጫው ወለሉን ነክቶ። ለዚህ አሮጌዋ 30 ትበቃለች። "አንተ ታዲያ 4000 ዙር የምትሄደው የት ነው? አፍንጮ በር?" አሉኝ። ረዳቶቻቸው ሳቁ።

የካርቡራቶሩ ቁጥር ሚሊ ሜትር ነው። 30 ሲባል ነዳጅ መስጫውን ስንረግጥ የምትከፈተዋ ክብ ሳህን ያለችበት ጉሮሮ ስፋት ነው። ከሷ በላይ ጉሮሮው እንደ ወገብ ይጠባል፤ በ30ው 24 ሚሊ ሜትር፣ በ34ቱ 26። አየሩ በጠባቡ ወገብ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ቤንዚኑ በቀሰም እንደተሳበ ጠላ ከታች ይወጣል። ወገቡ ሲሰፋ ትንሽ ሞተር በዝግታ ስትዞር አየሩ ይንቀረፈፋል፤ ቤንዚኑን የሚስበው ያጣል። ያቺ "ታስባለች" ያልኳችሁ ነገር ይቺ ናት። 34ቱ የተሠራው ለ1600 ሞተር ነው። እዚያ ቤት ጎበዝ ነው፤ እኔ ጋ ያላቅሙ የተጠራ እንግዳ ሆነ።

"ሁለተኛው ጥፋትህ" አሉ ባሻ፣ "አዲስ አበባ መኖርህ ነው።"

ይሄኛውን ማንም አልነገረኝም ነበር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሯ የምትስበው መጠን ያው ነው፤ ውስጡ ያለው አየር ግን ጥቂት ነው። ቤንዚን የምትመጥነዋ የነሐስ ብሎን ይህን አታውቅም። ከፋብሪካ ስትወጣ በተነገራት ልክ ትቀዳለች። ለአሥር እንግዳ የተሠራ ወጥ ስምንት ሰው ሲመጣ ይተርፋል፤ የተረፈው ነው ካንዴላዬን ጀበና ያደረገው።

"አሮጌዋስ የት ናት?"

"አልጋ ሥር፣ በፌስታል።"

"አምጣት።"

አመጣኋት። ባሻ ሳህኗን የሚያዞረውን ቀጭን ዘንግ በሁለት ጣት ያዙና ወደላይ ወደታች ነቀነቁት። ቀጭ፣ ቀጭ። ጆሮዬ ስር አስጠጉልኝ። "ሰማህ?" ከሃምሳ ዓመት በላይ እየዞረ ቀዳዳውን በልቶታል፤ በዚያች ክፍተት ያልተፈቀደ አየር ይገባል። 34ቱን ፈትተው አሮጌዋን መለሱና አስነሷት። ሚኒሞዋ ይወጣል ይወርዳል። ባሻ ጣታቸውን ዘይት ነክረው በዘንጉ ዙሪያ አንድ ጠብታ አሳረፉ። ሞተሯ ወዲያው ጸጥ ብላ እንደ ሲንጀር መኪና መስፋት ጀመረች። ለአንድ ደቂቃ ያህል። ዘይቱ ሲሳብ መልሳ ተናነቀች።

የዳገቱ ሰዎች ልክ ነበሩ ማለት ነው። ካርቡራቶሩ ነበር። እስካሁን ያናድደኛል።

ቶርኖ ቤት ልከው ለዘንጉ የነሐስ ቀለበት አስጠረቡላት። ከዚያ የከረሜላ ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ ጤፍ የሚያካክሉ ቁጥሮች የተቀረጹባቸው፣ ቤንዚን የሚመጥኑት የነሐስ ብሎኖች አሉ። በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ እያነበቡ፣ 125 የምትለውን ፈትተው ቀዳዳዋ ጠበብ ያለውን፣ 117.5 የምትለውን አሰሩ። "ለአዲስ አበባ ትበቃታለች። ድሬዳዋ የምትወርድ ከሆነ ግን 125ቷን መጥተህ ውሰድ፤ እዚያ አየሩ ይወፍራል።" የሁሉም ዋጋ ተደምሮ ማገናኛውን ብቻ አያክልም። በሚቀጥለው ቀን አፍንጮ በርን በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁት። ማንም አላየኝም። እንደዚያ ቀን ሰው ባየኝ ብዬ አላውቅም።

34ቱን የሚገዛኝ አጣሁ። ደላላው "ብራዚል እኮ ነው" አለኝ። ባለቤቴ የሳሎኑን በር ታስደግፍበታለች። ጋሽ ደምሴ ለቡና የመጡ ቀን ሲገቡ እግራቸውን መታቸው። ጎንበስ ብለው አዩት።

"ለበር ይሄ ምን ያደርጋል? ትንሽ ነገር ይበቃ ነበር" አሉ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና መሀል መንገድ ላይ ቆመች። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በየመንደሩ ሞልተዋል። ልጁ ከመውረዱ ተሰበሰብን። አዎ፣ እኔም አለሁበት፤ ሻይ ላይ ነበርኩ፣ ትቼ ነው የሮጥኩት። ጋሽ ደምሴ ጃኬታቸውን አስያዙኝ። ኮፈኑ ተከፈተ። ጥቁር ፕላስቲክ ክዳን፣ አንድ ብርቱካናማ ገመድ። ሌላ የለም። ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። የሚሸት ነገር የለም። ሰውም ትንፍሽ አላለም።

ጋሽ ደምሴ ቀና አሉና የልጁን ትከሻ ያዙ።

"አይዞህ ልጄ" አሉት፣ "ካርቡራቶሩን አውርደውብሃል።"

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።