ሰዓት በኪሎ አይሸጥም

ባለፈው ሰሞን ሰዓቴን ፈትቼ ካፌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ጓደኛዬ አነሳና በመዳፉ መዘን መዘን አደረገው። «ፕላስቲክ ነው እንዴ?» አለኝ። ታይታኒየም የተባለ ቀላል ብረታ ብረት መሆኑን ብነግረውም አልተዋጠለትም። «ያን ሁሉ ብር ከፍለህ ቆርቆሮ ሸጡልህ» ብሎ ሳቀብኝ።

አልፈረድኩበትም። ወርቅ በግራም ስንገዛ ኖረን ክብደትን የዋጋ ምስክር አድርገነዋል። ከበድ ካለ ኦሪጅናል፣ ከቀለለ ፎርጅድ። ታይታኒየም ላይ ግን ይህ ሚዛን አይሠራም። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ታይታኒየም 4.5 ግራም ያህል ቢመዝን፣ አይዝጌ ብረት ወደ 8 ይጠጋል።

የሚወደደውም ብርቅ ስለሆነ አይደለም፤ ማዕድኑ መሬት ውስጥ ሞልቷል። የሚያስወድደው ሥራው ነው። ከማዕድኑ አንጥሮ ማውጣቱ አድካሚ ነው። ሲቆረጥ ደግሞ ሙቀት ቶሎ ስለማያስተላልፍ ግለቱ መቁረጫው ጫፍ ላይ ይከማችና መሣሪያ ይበላል። ፍቅፋቂው እሳት የሚይዝበት ጊዜም አለ። የጃፓኑ ሰዓት ሠሪ ሲቲዝን የመጀመሪያውን የታይታኒየም የእጅ ሰዓት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ያው ሙቀት ቶሎ ያለማስተላለፍ ጠባዩ ግን ለባለቤቱ ይመቻል። ጠዋት በብርድ ሲያስሩት እንደ ብረት አያስደነግጥም። አይዝጌ ብረት ውስጥ ያለው ኒኬል ቆዳቸውን ለሚያሳክካቸውም እፎይታ ነው።

ሮሌክስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ዲፕሲ ቻሌንጅ የተባለውን የጠላቂዎች ሰዓት ሲያወጣ ታይታኒየም መረጠ። ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ እስከ 11,000 ሜትር ጥልቀት ይችላል። በብረት ቢሠራ ሰዓት ሳይሆን ጓጉንቸር ቁልፍ በሆነ ነበር።

እኔን የሚያበሽቀኝ ሻጮች የሚሉት ነው። «ታይታኒየም ነው፣ አይጫርም!» ውሸት። ግሬድ 2 የሚባለው ንጹሑ ታይታኒየም እንደ ብረት ይጫራል። የእኔው በሁለተኛ ሳምንቱ የሚኒባስ በር አግኝቶት ጠርዙ ላይ ግራጫ መስመር ወጣበት። ግሬድ 5 የሚባለው ቅይጥ ይሻላል፤ 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ስላለበት ጠንከር ይላል። ሲቲዝን ደግሞ ዱራቴክት በሚለው ዘዴ የሰዓቱን ገጽ ያጠነክረዋል፤ ጭረትን በደንብ የሚቋቋመው እንዲህ ያለው ነው። እና ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት «ግሬድ ስንት ነው? ላዩስ ጠንክሯል?» በሉ። ሻጩ ጣሪያ ጣሪያ ካየ ለጥንካሬው ብላችሁ አትጨምሩ። ለቅለቱ ከሆነ ክፈሉ፤ እኔ አልቆጨኝም።

ጓደኛዬ አሁንም የሚያስረው ያንኑ ከባዱን ሰዓቱን ነው። ቢሮው ስሄድ ግን ክንዱ ላይ አይቼው አላውቅም። ኮምፒውተር ላይ ሲጽፍ ስለሚከብደው ፈትቶ ኪቦርዱ አጠገብ ያስቀምጠዋል።