ይድረስ ለማይታጠፉት ክቡር ባለ ሁለት ወንበር ስትሮለር

ቁጥር፦ 79/132
ለ፦ ክቡር ባለ ሁለት ወንበር ስትሮለር (የልጆች ጋሪ)፣ ኮሪደር ላይ
ከ፦ ገፊዎችዎ
ጉዳዩ፦ የኦርላንዶን ጉዞ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከወገባችንና ከቀኝ እጃችን አንጓ በቀር፣ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና፣ ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ መጻፍ ያስፈለገው ትምህርት ቤት ሊዘጋ ስለሆነ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ የሚነሳው ሐበሻ ሁሉ በአይ-95 አውራ ጎዳና ቁልቁል ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ኦርላንዶ ያለው መዝናኛ፣ ዲዝኒ ወርልድ ሊገባ ነው። ከኋላ ወንበር የአራት ዓመት ወንድም አለ፣ ዓመት ያልሞላት እህት አለች። እርስዎ ደግሞ እንደ ልማድዎ ትራንኩን (የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ) ለብቻዎ ይዘው፣ ሻንጣው ጭን ላይ፣ እንጀራው እግር ስር ሊጓዝ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሲያዩዎት ግርማዎ ያስደነግጣል። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ኤሲው ይነፍሳል፣ የተቀመጠብዎት ልጅ የለም፣ እጀታዎ ላይ የተሰቀለ ቦርሳ የለም። በአንድ ጣት ሲነኩዎት ሸርተት ይላሉ። ሻጩም ስለ ጨርቅዎ ቀለም ያወራል። ስለ ጁላይ፣ ስለ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስለ አውቶቡሱ ሹፌር የሚያወራ የለም። ስለዚህ እኛ እናውራ።

በስፋትዎ እንጀምር። የደብዳቤያችን ቁጥር ከመዝገብ ቤት የወጣ አይደለም። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ወርዱ ከ31 ኢንች፣ ርዝመቱ ከ52 ኢንች የሚበልጥ ስትሮለር አላስገባም ብሏል፤ በሴንቲ ሜትር 79 በ132 መሆኑ ነው። ሣጥን መሳዩ ዘመድዎ ዋገን ጭራሹን ተከልክሏል፤ ልገፋ እንጂ አልጎተትም ብሎ ቢምልም አልሰሙትም። እርስዎ ካርቶንዎ ላይ 76 ነኝ ብለው ያጽፋሉ። በጎንዎ የጁስ ማስቀመጫ ሲገጠምልዎ ግን 76 የነበሩት 84 ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ አይቀየሙን፣ ሜትር ይዘን ከኋላ ጎማዎ ዳር እስከ ዳር እንለካዎታለን፤ የሚለጠፍብዎን ሁሉ ከለጠፍን በኋላም እንደገና እንለካዎታለን።

የፓርኩን በር አለፉ ማለት ደግሞ የቤታችንን አለፉ ማለት አይደለም። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሕዝብ የሚገለገልበት በር ቢያንስ 32 ኢንች ክፍት እንዲሆን ያዛል፤ እርስዎም ግራና ቀኝ ግማሽ ግማሽ ኢንች አትርፈው እንደ ሙሽራ ይገባሉ። የአፓርታማችን የመኝታ ቤት በር ግን ብዙውን ጊዜ 28 ወይም 30 ኢንች ነው። ኮሪደር ላይ በክብር ቆመው የሚያድሩት፣ እኛም ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ በጎንዎ እየተንሸራተትን የምናልፈው ለዚህ ነው።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ እርስዎ ግን ሁለት ወንበር አለኝ ብለው በሁለት መልክ መጡ። ፊትና ኋላ ሆነው ሲመጡ ወርድዎ የአንድ ልጅ ጋሪ ያህል ነው፣ በሕዝብ መሃል ይሾልካሉ። ነገር ግን የፊቱ ወንበር ሲዘረጋ የኋላው ልጅ ጉልበት ላይ ያርፋል። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲያጋጥምም የፊተኛው ልጅ ክብደት ከኋላ ጎማዎ ስለሚርቅ፣ አፍንጫዎን ለማንሳት እጀታዎ ላይ መንጠልጠል ነው። ጎን ለጎን ሆነው ሲመጡ ጠርዙን በቀላሉ ይወጣሉ፤ ሆኖም ወንድምየው 18 ኪሎ፣ እህትየዋ 8 ኪሎ ስትሆን ቀኑን ሙሉ ወደ ከባዱ እየጎተቱ አንጓችንን ያሳብጣሉ። እሷ ገና ሽልብ ስትል እሱ በክርኑ ይጎስማታል። ከሁለቱ ክፉ ምረጡ ከተባልን ለኦርላንዶ ጎን ለጎኑን እንመርጣለን፤ እያንዳንዱ ወንበር ለብቻው የሚዘረጋ፣ ለብቻው መከለያ ያለው ከሆነ ብቻ። ራሷን ችላ ለማትቀመጥ ሕፃን ወንበሩ ሙሉ በሙሉ ካልተዘረጋ ጎን ለጎንም ፊትና ኋላም ዋጋ የለውም።

«ወንድምየው ትልቅ ሆኗል፣ ባለ አንድ ይበቃናል» የሚሉ ወላጆች ሲመጡ በሆድዎ እንደሚስቁ እናውቃለን። እዚህ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሳቁ ይገባዎታል። ቤት አካባቢ በእግሩ የሚሮጥ የአራት ዓመት ልጅ እዚያ ከቤተሰቡ ጋር በቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ከምሳ በኋላ አስፋልቱ ላይ ዝርግት ይላል። ስትሮለር ከተወ ዓመት የሆነው ልጅ እንኳ ኦርላንዶ ሲደርስ ወንበሩን ያስታውሰዋል። ታዲያ የወንበርዎን የክብደት ወሰን ማየት ነው፤ አንዳንድዎ እስከ 22 ኪሎ ሲችሉ፣ አንዳንድዎ በ15 ኪሎ ያማርራሉ።

ስለ ጎማ ብዙ አንልም። እነዚያ የተራራ ጎማዎችዎ ለእንጦጦ ይሆናሉ፤ ፓርኩ ሜዳ ነው። ትንንሽ ጎማ ያላቸው ግን ከዲዝኒ ፓርኮች አንዱ የሆነው ማጂክ ኪንግደም ሲገቡ ዋናው ጎዳና ላይ ፈረስ ለሚጎትተው ትራም የተነጠፈውን ሐዲድ ይጠንቀቁ። ሐዲዱን በሰያፍ ሲያቋርጡት ጎማው ስንጥቁ ውስጥ ይገባና እርስዎ ቀጥ ይላሉ፤ ልጁ ወደ ፊት፣ ገፊው እጀታው ላይ። በቀጥታ አቋርጠው ሲሄዱ ምንም የለም።

አሁን ወደ ዋናው ክሳችን እንግባ። አይታጠፉም።

የፓርኩ አውቶቡስ ላይ ተዘርግተው አይሳፈሩም፤ ከመኪና ማቆሚያው የሚያመላልሰው ትራም ላይም እንደዚሁ። ሞኖሬሉ (ባለ አንድ ሐዲዱ ባቡር) እና ትልቁ ጀልባ እንደተዘረጉ ይቀበሉዎታል፣ ዕድሜ ይስጣቸው። አውቶቡሱ ሲመጣ የሚሆነውን ግን ያውቁታል። ሕፃኗ በግራ ክንድ ትታቀፋለች። ወንድምየው የሱሪ ኪስ ይዞ እንዲቆም ይነገረዋል። ከስር ካለው ቅርጫት የዳይፐር ቦርሳው፣ ውሃው፣ ትርፍ ልብሱ ይወጣል። መከለያዎቹ ይሰበሰባሉ፣ ወንበሮቹ ይቃናሉ፣ የፊት ጎማዎ ይስተካከላል፣ ከዚያ በአንድ እጅ ማጠፊያው ይሳባል። እርስዎም ግማሽ መንገድ ላይ እንደ ግትር በቅሎ ይቆማሉ። ከኋላ ሰልፉ ያጉረመርማል። ወንድምየው በዚህች ሰዓት ሽንቱ ይመጣል።

ግማሽ ላይ ሲቆሙ በጉልበት መጫን አይገባም፤ የሚሰበረው መቆለፊያዎ ነው፣ ከዚያ በኋላ ሲነሱ በራስዎ ፈቃድ ይዘረጋሉ። ምክንያትዎ ብዙ ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው፦ ቅርጫት ጥግ የተረሳ ጠርሙስ፣ ያልተነቀለ የጁስ ማስቀመጫ፣ ያልተቃና ወንበር ወይም የዞረ የፊት ጎማ። ስለዚህ ፈተናዎን ሱቅ ውስጥ አዘጋጅተናል። ገዢው 8 ኪሎ የሚመዝን ነገር በግራ ክንዱ ይታቀፋል (ሁለት ጋሎን ውሃ ያን ያህል ነው)፣ በቀኝ እጁ ብቻ ያጥፍዎታል፣ አንስቶዎት አሥር እርምጃ ይሄዳል። ጠንካሮቹ ጎን ለጎኖች ከ14 እስከ 17 ኪሎ ይመዝናሉ፤ እንደ ዣንጥላ የሚሰበሰቡት ቀላሎቹ 10 ኪሎ ገደማ። ከአምስተኛው እርምጃ በኋላ ስለ ጨርቁ ቀለም የሚያነሳ ሰው አይኖርም። ትራንክ ሲለካም ወለሉ ሳይሆን አፉ ይለካ፤ የካምሪ ትራንክ ውስጡ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ ነው።

አንድ ነገር ግን ያለ ሽሙጥ እንበል። ሲታጠፉም ሲዘረጉም ልጆቹ ከእርስዎ ራቅ ብለው ይቁሙ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ስትሮለሮች ማጠፊያቸው የልጆችን የጣት ጫፍ በመቁረጡ የማስተካከያ ጥሪ ተደርጎባቸው፣ ለማጠፊያው ሽፋን ተልኳል። አሮጌ ከዘመድ የሚቀበል ሰው ማጠፊያው ሽፋን እንዳለው በጣቱ ሳይሆን በዓይኑ ይይ።

«እንግዲያው አንገዛውም፣ እዚያው እንከራያለን» የሚሉ ብልጦችም አሉ። ፓርኩ የሚያከራየው ዘመድዎ ከደረቅ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ወንበሩ የማይዘረጋ ነው፤ ባለ ሁለቱ ለዓመታት በቀን 31 ዶላር ሲከራይ ኖሯል። ለሕፃኗ አይሆንም፣ ለወንድምየው ይሆናል። ደረሰኙን የያዘ በዚያው ቀን ሌላ ፓርክ ቢሄድ እንደገና ሳይከፍል ሌላ ይወስዳል። እስከዚህ ደህና ነው። ነገር ግን ይህ ዘመድዎ ከፓርኩ በር አይወጣም። ርችቱ አልቆ፣ ሁለቱም ልጆች እንቅልፍ ወስዷቸው፣ ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ማግስት በአንድ በር ሲፈስ፣ ጋሪውን እዚያው ያስረክባሉ። ከዚያ ሞኖሬል ወይም ጀልባ፣ ከዚያ ትራም፣ ከዚያ መኪናው የቆመበትን ረድፍ ፍለጋ፤ 18 ኪሎ በአንድ ትከሻ፣ 8 ኪሎ በሌላው። በዚያ ሌሊት ናፍቀንዎታል፣ አንክድም።

መካከለኛው መንገድ ከውጭ አከራይ ተከራይቶ ሆቴል ድረስ ማስመጣት ነው። ሲረከቡ እዚያው በአስረካቢው ፊት ፍሬኑን ረግጦ መግፋት፣ አምስቱንም ቀበቶ ማሰር፣ ጎማውን አንስቶ ማሽከርከር ያስፈልጋል። ኩሽኔታው ውስጥ ጸጉርና ክር የተጠመጠመበት ጎማ ሲሽከረከር ይንቀራፈፋል።

ተቀናቃኝዎን አንቀልባንም ሳናነሳ አናልፍም። ብዙውን ሰልፍ እርስዎ አይገቡም፤ ውጭ ይቆማሉ፣ ሕፃኗ ግን ትገባለች። አርባ ደቂቃ በክንድ ከመታቀፍ ማዘል ይሻላል። አንዷን አዝሎ ሌላውን በቀላል ባለ አንድ ስትሮለር መግፋት ከእርስዎ በግማሽ ክብደት ያልቃል። ጀርባ ላይ ላብ በላብ መሆኑን ግን አንሸሽግም፤ ለዲሴምበር ግሩም ነው፣ ለጁላይ ፀሎት ይፈልጋል።

ውጭ ሲቆሙ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለብዎት፤ ካቆምንዎት ቦታ አይገኙም። ሠራተኞቹ ቦታ ለማብቃቃት እያነሱ እንደሚደረድሩዎት እናውቃለን፤ ፍሬን መርገጥም አያግዳቸውም። ግን ሁላችሁም ጥቁር ናችሁ። ከአሮጌ ነጠላ ላይ የተቀደደ ጥለት እጀታዎ ላይ እናስርብዎታለን፤ ከሃምሳ ሜትር ይታያል። ፓስፖርትና ገንዘብ እርስዎ ላይ አንተውም። ከሰዓት በኋላ ዶፍ ስለማይቀር የዝናብ ፕላስቲክዎን አልብሰን እንሄዳለን፤ ፀሐይ ሲወጣ ልጅ ሳይቀመጥ በፊት ይገፈፋል፣ ምድጃ ይሆናልና። ሕፃኗ እንድትተኛ ብሎ መከለያው ላይ ነጠላ ማልበስም ያው ነው፤ ስስ ትመስላለች እንጂ አየሩን ታፍናለች። በእሷ ፋንታ በባትሪ የሚሠራ፣ ክንፉ ለስላሳ የሆነ ማራገቢያ ይሰካ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የእርስዎ ዘለበት ግን ከነጭራሹ አይታሰርም። ጥፋቱ የእኛ ነው። ዳቦ ቆሎ ፈርፍረንበታል፣ ጁስ አፍስሰንበታል፣ ጠቅ የሚለው ምላስ ውስጡ ተጣብቋል። ዘይት ማንጠባጠብ ቆሻሻውን ያቦካዋል እንጂ አያወጣውም፤ ዘለበቱ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ደጋግሞ ጠቅ ጠቅ እየተደረገ ይታጠብ። የትከሻው ቀበቶ ከልጁ ትከሻ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ካለው ቀዳዳ ይውጣ፤ ከታች ያለውን የለመደ፣ ልጁ ሲያድግ ይረሳዋል።

በመጨረሻም፣ መውደቅዎን ይተዉልን። እጀታዎ ላይ ሦስት ቦርሳ ሰቅለን ልጁን ስናነሳ ወደ ኋላ ገልበጥ ይላሉ፤ አንዳንዴም ሌላው ልጅ ገና በውስጥዎ ነው። መጀመሪያ ቦርሳ፣ ከዚያ ልጅ እንዲወርድ ተስማምተናል፤ ከባዱም ዕቃ ወደ ታችኛው ቅርጫት ይወርዳል። እርስዎ በበኩልዎ ቅርጫትዎ ስንት ኪሎ እንደሚችል በሚነበብ ጽሑፍ ያሳውቁን። ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 ኪሎ ነው፤ እኛ 12 ጭነን «ጋሪው ጥራት የለውም» ስንል ኖረናል።

ከሰላምታ ጋር፣
ገፊዎችዎ

ግልባጭ፦
ለካምሪው ትራንክ፣ አፉን ከፈት አድርጎ እንዲጠብቅ
ለወገብ ሐኪማችን፣ ለመረጃ
ለአንቀልባ፣ በተጠባባቂነት እንድትቆይ
ለወንድምየው፣ አውቶቡሱ ከመምጣቱ በፊት ሽንት ቤት እንዲሄድ