ዲያስፖራ በሳይክል ይሄዳል እንዴ?

ባሕር ዳር በገባሁ በሦስተኛው ቀን ታርጋዬ ተፈታ።

መኪናዋ እንኳን የኔ አይደለችም፤ የአብሮ አደጌ ናት። "እስክትመለስ ያዛት፣ ነዳጇን ብቻ ቻል" ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ነዳጅ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ተሰለፍኩ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጊዮርጊስ አካባቢ ነዳሁ። ቡና ለመጠጣት ነው፣ ሌላ ጉዳይ የለኝም። ማቆሚያ ሳጣ በሁለት መኪኖች መሃል፣ ከዜብራው ሁለት እርምጃ ላይ ሸጎጥኳት። ሰደርያ የለበሰ ልጅ እየሮጠ መጣ። የመኪናዋን ቁጥር ብጣሽ ወረቀት ላይ ጫረና ዋይፐሩ ሥር ሰካው። "ችግር የለም ብሮ፣ እኔ አለሁ" አለኝ።

ስኒዬን ሳልጨርስ ትራፊክ መጣ። ልጁ የለም።

ትራፊኩን ለማማት አይደለም የምጽፈው። ሰውዬው ልክ ነበር። የታዘብኩት ራሴን ነው። ስቶክሆልም 17 ዓመት ስኖር ዜብራ አጠገብ መኪና አቁሜ አላውቅም። የስዊድን ሕግ ከእግረኛ ማቋረጫ በፊት ባለው 10 ሜትር ውስጥ ማቆም ይከለክላል። 10 ሜትሩን በዓይኔ መለካት ለምጄው ነበር። ታዲያ ባሕር ዳር ስገባ ዓይኔን ምን ነካው? ሌላው ስላቆመ አቆምኩ፣ በቃ።

ስቶክሆልም መሃል ከተማ መኪና ማቆም ማትሪክ እንደ መፈተን ነው። ምሰሶው ላይ ያለውን ሰሌዳ ቆመህ ታነባለህ። እንዲሁ የተጻፈው ሰዓት ለሥራ ቀን ነው። በቅንፍ ያለው ለቅዳሜና ለበዓል ዋዜማ። በቀይ የተጻፈው ለእሑድና ለበዓል። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ሰሌዳ አለ፤ በሳምንት አንድ ሌሊት መንገዱ ስለሚጸዳ ምንም መኪና እንዳይገኝ ይላል። የእኔ ሰፈር ሌሊት የሐሙስ ነበረች። ስንቴ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ትዝ እያለኝ፣ በፒጃማ ላይ ካፖርት ደርቤ በረዶ ውስጥ ወርጃለሁ! አንድ ሌሊት ሌላ ቦታ ፍለጋ 40 ደቂቃ ዞርኩ። ያን ሌሊት ነው መኪናዬን ልሸጣት የወሰንኩት።

የማቆሚያ ፍለጋው ስላማረረኝ ብቻ ቢሆን ግን አልሸጣትም ነበር። ሰው ምሬትን ይለምዳል። የሸጥኳት አውቶብሱ ከቤቴ በር ሦስት ደቂቃ ስለሆነ ነው። አንድ ትኬት 75 ደቂቃ ያገለግላል። አውቶብስ ተሳፈርክ፣ ምድር ለምድር ባቡር ያዝክ፣ የትራንስፖርቱ ድርጅት ጀልባ ላይ ወጣህ፣ ያው ትኬት ነው። ሕፃን በጋሪ የሚገፋ ወላጅ አውቶብስ ላይ ጭራሽ አይከፍልም። ኮት ለብሶ፣ ቦርሳ ይዞ፣ ዘለበቱን ጨብጦ የቆመው ሰውዬ የባንክ ኃላፊ ሊሆን ይችላል። ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ስዊድኖቹ ግን ይሄን ከእናታቸው ሆድ ይዘውት አልወጡም። በእነሱ አቆጣጠር በ2006 መጀመሪያ ላይ፣ መሃል ከተማ የሚገባና የሚወጣ መኪና እንዲከፍል ለሙከራ ሲታወጅ ሕዝቡ አኩርፎ ነበር። ሙከራው ሰባት ወር ገደማ ቆየ። የመኪናው ቁጥር በ20 በመቶ አካባቢ ቀነሰ። በዚያው ዓመት መስከረም ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ የከተማዋ ነዋሪ በጠባብ ልዩነት ይቀጥል አለ። በ2007 ቋሚ ሆነ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ክፍያው ከመጀመሩ ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2005 ነሐሴ ላይ፣ 16 አዳዲስ የአውቶብስ መስመሮች ከፈቱ። ወደ 200 የሚጠጉ አውቶብሶች አሰማሩ። መጀመሪያ "በዚህ ሂድ" አሉት፣ ከዚያ በኋላ ነው "በዚያ አትምጣ" ያሉት።

ታርጋዬን እስካስመልስ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ተቀመጠች። ሽምብጥ ሰፈር የምትኖረው አክስቴ ቤት ነው ያረፍኩት። የአክስቴ ልጅ ሳይክሉን ሰጠኝ። ሳይክሏን እየገፋሁ ከበር ልወጣ ስል አክስቴ ከማጀት ብቅ አለች።

"አንተ! በምንድን ነው የምትሄደው?"

"በሳይክል።"

"በሞትኩት! ይሄን ሁሉ ዓመት ውጭ ኖረህ መጥተህ በሳይክል? ጎረቤቱ ምን ይለኛል?"

"እዚያም እኮ መኪና የለኝም፤ በአውቶብስ ነው የምሄደው።"

ላረጋጋት ብዬ ነበር። ጭራሽ ደነገጠች። እጇን አፏ ላይ ጭና ቆየችና፣ "ይሄንን ለማንም እንዳትናገር" አለችኝ።

ስቄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ሳቄ ቀዘቀዘ። ባሕር ዳር እኮ የሳይክል አገር ናት። ሜዳ ናት፤ ዳገት ልፈልግ ካልክ ወደ በዛዊት ኮረብታ መውጣት አለብህ። ልጅ ሆነን አስተማሪዎቻችን በሳይክል ነበር የሚመጡት። ከአስተማሪ በላይ የሚከበር ሰውም አልነበረም። ስቶክሆልም ሰውን ሳይክል ላይ ለማውጣት ስንት ወጪ ታወጣለች፣ ያውም በዚያ ብርድ። እኛ ፀሐዩም ሜዳውም የዘንባባው ጥላም አለን። ሳይክሏን ግን "መኪና መግዣ ያጣ ሰው" የሚል ስም ሰጠናት።

በሳይክል ሲሄዱ ከመኪና የማይታይ ነገር ይታያል። ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ከአንዱ መስቀለኛ እስከ ሌላው፣ እግረኛ መንገድ ላይ የወጡ መኪኖችን ቆጠርኩ። 23 ናቸው። አንዷ እናት ልጅ አዝላ፣ በእጇ ዘንቢል ይዛ ትሄዳለች። መኪና ሲገጥማት ወደ አስፋልቱ ትወርዳለች፣ ትወጣለች፣ እንደገና ትወርዳለች። በወረደች ቁጥር አንገቷን አዙራ ከኋላ የሚመጣውን ታያለች። ባጃጅ ጡሩምባውን ይነፋባታል። ለነዚያ 23 መኪኖች የማቆሚያውን የምትከፍለው እሷ ናት። ሰደርያ የለበሰው ልጅ ጋ የሚደርሰው መልሱ ነው።

ልጆቹን አልጠላቸውም። ሥራ ነው፣ ያውም ከፀሐይና ከባለመኪና ትዕቢት ጋር። ቦታው በቀለም ቢሰመርላቸው፣ በሰዓት ቢታሰብ፣ በብጣሽ ወረቀት ፋንታ ደረሰኝ ቢቆርጡ፣ እኔም ከዜብራው ላይ አልሸጎጥም ነበር። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የሻይ ቤቱ ወሬ ሁሉ ኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ይሁን። ኤሌክትሪክም ቢሆን ግን ሲቆም ያንኑ ያህል መሬት ይይዛል።

ባጃጅን በተመለከተ ስቶክሆልም ትቅናብን። እዚያ አውቶብሱ አንድ ደቂቃ ከዘገየ ሰው ሰዓቱን ያያል፤ አንተ አንድ ደቂቃ ከዘገየህ ግን አይጠብቅህም። እዚህ "ወራጅ አለ!" ካልክ የአክስትህ በር ላይ ነህ። ሦስት ሰው ከኋላ ይጭናል፣ ያወርዳል፣ ይጭናል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሰው መንገድ አይዘጋም። መስቀለኛ መሃል ድንገት ቀጥ ማለቱን ቢተው ደግሞ ምን ነበረበት። በእነዚህ የጸጥታ ችግር ዓመታት ባጃጅ የቆመባቸው ቀናት ነበሩ። ያን ጊዜ ከተማው በእግሩና በሳይክሉ እንደዋለ የአክስቴ ልጅ ነገረኝ። መኪና ያላቸው ሰዎች እንኳ ሳይክል ይለምኑት ነበር አሉ።

አንድ ቀን ማለዳ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ተሻገርኩ። በእኛ ግንቦት 2016 የተመረቀው ነው፤ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። ለሳይክልና ለእግረኛ የራሱ መስመር አለው። ምን ዓይነት ደስታ መሰላችሁ! ከጎኔ የፔዳ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ተማሪ የሚመስል ልጅ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ይጋልባል። ከሥራችን ዓባይ አለ። መሃል ላይ ቆሜ ወደ ሐይቁ በኩል ሳይ ስለ ጀልባ አሰብኩ። ስቶክሆልም ውስጥ ጠዋት በጀልባ ቢሮ የሚገባ ሰው አውቃለሁ፤ ለሽርሽር አይደለም፣ ለሥራ። ጣና ላይ ግን ጀልባ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበን ገዳም የሚሳለም ምዕመንና ካሜራ ያነገተ ቱሪስት ነው። ከዘጌ ቡና የሚያመጣው ሰው በውኃ ከመጣ፣ ከከተማው አንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው በውኃ መሄድ ምን ያቅተናል? ጉማሬው ካልተቆጣ ማለቴ ነው።

ታርጋዬ በሳምንቱ ተመለሰልኝ። መኪናዋን ግን አላነሳኋትም፣ ሳይክሉ ጥሞኝ ነበር። አክስቴም ዝም ብላ ቆየች። መሄጃዬ ሲቃረብ አንድ ማታ እራት ላይ፣

"ነገ ዓባይ ማዶ ለቅሶ አለብን። መኪናዋን አስነሳት" አለችኝ።

"በባጃጅ ብንሄድስ?"

መልስ አልሰጠችኝም። እንጀራዬ ላይ ወጥ ጨመረችልኝ።

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ተቀመጠች። ለቅሶ ቤቱ አካባቢ መንገዱ በመኪና ጢም ብሏል። ድንኳኑ አጠገብ አወረድኳትና ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ቦታ የለም። ሦስተኛው ላይ አንድ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ሁለቱን ጎማ እግረኛ መንገዱ ላይ አወጣሁ። በሩን ስቆልፍ አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ደረሱ። መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ። "አባቴ፣ ይቅርታ" አልኳቸው። "ምንም አይደል ልጄ" አሉና ወደ አስፋልቱ ወረዱ።