የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ቀን ስለ መጋገር

ይህ ለሠራተኛ እናቶች ጊዜ ቆጣቢ ምክሮችን ላቀረበ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ አስተያየት ነው። ጸሐፊዋ ካቀረቧቸው ምክሮች ዋነኛው የሳምንቱን እንጀራ እሑድ ጋግሮ መጨረስ ነው። ምክሩ ለአዲስ አበባ ሊሠራ ይችላል፤ ባሕር ዳር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ በመሆኗ፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ እንጀራው ሳምንቱ ሳይጋመስ መሻገት ይጀምራል። በዚያው ሙቀት ሊጡም ፈጥኖ ስለሚቦካ፣ በሳምንት ሁለት ምሽት ከፍሎ መጋገር ይሻላል፤ መብራት ካለ ማለቴ ነው፣ ይህን ጽሑፉ አላነሣውም።

በአንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያዋጣው ይልቁንም ቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ከበርበሬውና ከዘይቱ ጋር በሚገባ ተቁላልቶ፣ በየዕለቱ ልክ ተከፋፍሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ፣ ከሥራ የተመለሰች እናት ምስር ወይም ሽሮ ለማድረስ ምድጃ ሥር ብዙ አትቆምም። ቅቤ ስለሌለው ረቡዕና ዓርብም ያገለግላል።

የሕፃናት ጉዳይ ግን በወጥ ቤት ዘዴ አይፈታም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የወሊድ ፈቃድን 120 ቀን ከማድረጉም በላይ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። ልጇን ከዓባይ ማዶ ዘመድ ዘንድ አድርሳ በባጃጅ ወደ ቢሮ የምትሮጥ እናት ጊዜዋን የምታጣው በዕቅድ ጉድለት አይደለም፤ ጸሐፊዋም በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ጥያቄውን ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና ለአባቶች ቢያቀርቡት እወዳለሁ።