እርማት፦ የተቀረጸው ዓመት የቀንዱ ዕድሜ አይደለም

ወንድሜ፣ ሱሉልታ የገዛኸው የባሩድ ቀንድ (ባሩድ የሚያዝበት ቀንድ) «ዓድዋ 1888» የሚል ስለተቀረጸበት ብቻ ከዓድዋ የተመለሰ ነው ማለትህ ልክ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጽሑፍ በማንኛውም ጊዜ ሊጨመር ይችላል።

የባሩድ ቀንድ የሚያስፈልገው በአፈሙዙ ባሩድ ለሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ዓድዋ ላይ ግን ውጅግራና ሬሚንግተን የተባሉ ጠመንጃዎች በብዛት ነበሩ፤ የእነሱ ባሩድ ቀለሁ ውስጥ ታሽጎ የሚመጣ ነው። አሮጌ ጠመንጃ የያዘም ስለነበር ቀንዱ ሐሰት ነው አልልህም፤ ጽሑፉ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። የቀንዱ ገጽ በእጅና በልብስ ተሻሽቶ ለስልሷል፤ የፊደሎቹ ጠርዝ ግን ገና ስለታም ነው፣ የተቦረቦረው ውስጡም ነጣ ብሏል። አብረው ቢያረጁ ፊደሎቹም በደበዘዙ ነበር። ጥቁረቱ አያታልልህ፣ ጭስና ሻይም ያጠቁራል። ይልቅ ሰፊውን አፍ የዘጋውን እንጨት እይ፦ ቀንድና እንጨት እኩል ስለማይኮማተሩ በአሮጌው ላይ ብዙ ጊዜ ክፍተት ይታያል። ማንገቻው የሚታሰርበትንም ቦታ ተመልከት፣ በአገልግሎት ብዛት ይበላል።

እባክህ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈገፍገው። ያ የላይኛው ገጽ ከተነሳ የሚመረመር ነገር አይቀርም።